ከበረኛነት እስከ ክለብ ፕሬዚዳንትነት

በዕረፍት ሰዓት ግቢያችን ውስጥ ለኳስ ስንከፋፈል በር ላይ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ማንም ያልመረጠው ልጅ ነው። ጎል ያገባ በትከሻ ይነሳል። በረኛ ግን አሥር ኳስ ቢያድንም የሚወራበት በአሥራ አንደኛዋ ነው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለዓመቱ መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን ስንመካከር ብዙ ርዕስ ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው የአንድ በረኛን ታሪክ ለመጻፍ ነው፤ ያውም ከእግር ኳስ ሳይሆን ከአይስ ሆኪ።

ሰውየው ኬን ድራይደን ይባላል፤ ካናዳዊ ነው። ስሙን የሰማነው ባረፈ ሰሞን ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2025 በ78 ዓመቱ በካንሰር ሲያርፍ ለእንቁጣጣሽ የቀረን ጥቂት ቀን ነበር። የአንዷ የክፍላችን ልጅ አክስት ከቶሮንቶ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ደውላ፣ «እዚህ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ የድሮ በረኛ ነው» አለቻት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እዚሁ ላይ እናሳስባለን። ነገሩን ስናጣራ ሰውየው በረኛ ብቻ እንዳልነበረ አወቅን። የሕግ ባለሙያ ነበር፣ ደራሲ ነበር፣ የአንድ ትልቅ ክለብ ፕሬዚዳንት፣ ኋላም የፓርላማ አባልና ሚኒስትር ሆኗል። ከሁሉም ይልቅ የገረመን ግን ዕድሜው ከ40 ካለፈ በኋላ ተመልሶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግባቱ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ እናስረዳ። ሜዳው በረዶ ነው፤ ርዝመቱ 61፣ ስፋቱ 26 ሜትር ገደማ። ከየቡድኑ በአንድ ጊዜ 6 ሰው ይሰለፋል፤ አንዱ በረኛ ነው። ኳስ የለም፤ በኳስ ፈንታ ፐክ የሚባል ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ክብና ጠፍጣፋ ነገር በዱላ ይመታል። ክብደቱ 170 ግራም ያህል ነው፤ እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ጎበዝ አጥቂ ሲመታው በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ናይሮቢ ውስጥ ያን ያህል የሚበር ማታቱ የለም፤ የሚሞክሩ ግን አሉ። በሩ ጠባብ ነው፤ 1 ሜትር ከ83 ስፋት፣ 1 ሜትር ከ22 ቁመት። በረኛው ይህን በር በሰውነቱ መሙላት አለበት።

በረዶ ለኛ ሩቅ ነገር ይመስላል እንጂ እዚሁ ናይሮቢ፣ ሞምባሳ መንገድ ዳር ያለው ፓናሪ ሆቴል በ2005 የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ከፍቷል። አይስ ላየንስ የሚባለው የኬንያ የሆኪ ቡድን ያደገው እዚያ ነው። በ2018 ልጆቹ ካናዳ ድረስ ተጋብዘው ከነሲድኒ ክሮስቢ ጋር ለመጫወት በቅተዋል። ከኛም ስድስት ልጆች አንድ ቅዳሜ ሄደን ሞክረናል። አምስታችን አጥሩን ይዘን አንድ ዙር ለመጨረስ ስንታገል፣ የእግር ኳስ ቡድናችን በረኛ የሆነው ስድስተኛው ልጅ መሀል ገብቶ ቆመ። አልተንሸራተተም፤ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ እንጂ። የእግር ኳስ በረኛ የበረዶም በረኛ ይሆናል ማለታችን አይደለም፤ ግን በረኛ የሆነ ሰው የትም ቢሄድ አቋቋሙ ያው ነው።

ድራይደንም የታወቀው በአቋቋሙ ነው። ፐኩ ማዶ ሲሆን ዱላውን በረዶው ላይ ያቆመዋል፤ ሁለት እጁን ጫፉ ላይ ደርቦ፣ አገጩን አስደግፎ ይጠብቃል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነበርና ፎቶውን ያየ ሰው በትሩን ተደግፎ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ይመስለዋል። ጭንብሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የድሮ በረኞች ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ነበር የሚቆሙት። በ1959 የሞንትሪያሉ ዣክ ፕላንት ፊቱን ፐክ መትቶት ከተሰፋ በኋላ ጭንብል አጥልቆ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ልማድ እየሆነ መጣ። የድራይደን ጭንብል በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ ክቦች ያጌጠ ስለ ነበር የተኩስ ዒላማ ይመስላል። ፊቱ ላይ ዒላማ አድርጎ «ምቱኝ» የሚል ሰው ማለት ነው።

የተወለደው በ1947 በሃሚልተን ከተማ ሲሆን ያደገው በቶሮንቶ ዳርቻ ነው። አባቱ ሙሬይ ልጆቹ እንዲጫወቱ ብሎ ጓሮውን አስፋልት አስነጠፈ። ታላቅ ወንድሙ ዴቭ በረኛ ነበር፤ ታናሹም ያንኑ ተከተለ። ስለ አባትየው አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንፈልግም። ከሚስቱ ከማርጋሬት ጋር ሆኖ በ1970 ለድሃ ልጆች የመኝታ ዕቃ የሚያድል ድርጅት አቋቋመ፤ ፍራሽ፣ አንሶላ፣ አጎበር፣ ልብስና የትምህርት ቁሳቁስ። ሥራው በህንድ ተጀምሮ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ድረስ ደርሷል። እኛ ስለ በረዶ ስናነብ ነገሩ ዞሮ ዞሮ በዚህ በኩል ብቅ ማለቱ ደስ አሰኘን።

በ1964 የቦስተን ክለብ ወጣት ተጫዋቾች ሲመረጡ ድራይደንን መረጠው፤ ወዲያው ደግሞ ለሞንትሪያል አሳልፎ ሰጠው። ሌላው ልጅ ቢሆን በቀጥታ ወደ ክለብ ኳስ ይሮጥ ነበር። እሱ ግን አሜሪካ ሄዶ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባና ታሪክ አጠና። እየተማረም ይጫወት ነበር፤ በሦስት ዓመት 76 ጨዋታ ሲያሸንፍ የተሸነፈው 4 ብቻ ነው። ከዚያ ሞንትሪያል ወርዶ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት ጀመረ።

እዚህ ላይ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ምክንያቱ ድራይደን ብቻ አልነበረም። በበረዶው ላይ የቆመው ያ በረኛችን በጥር ወር ከአንድ ክለብ ጥያቄ ቀርቦለታል፤ በየቀኑ ጠዋት ልምምድ መምጣት አለበት፣ ይህ ማለት ደግሞ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ወር ሲቀር ትምህርቱን ማቋረጥ ነው። እናቱ አልሰማም ብለዋል። ከኛ ግማሾቹ «ድራይደንን እይ፤ ሁለቱንም አስኬደው» አልነው። እሱም ዝም ብሎ ሰምቶን እንዲህ አለ፤ «ድራይደን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ክለቡ ጠብቆታል። አገሩ ነው። የኔ የመኖሪያ ወረቀት በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። እኔን ማን ይጠብቀኛል?»

ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ አሁንም የለንም። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እያነሡ ጓደኛን መምከር ቀላል ነው። ድራይደን ጓሮ አስፋልት የሚያስነጥፍ አባት ነበረው፣ መንገዱን ያሳየው ወንድም ነበረው፣ የሚጠብቀው ክለብ ነበረው። እነዚህን ሦስቱን ከታሪኩ አውጥቶ «ጎበዝ ስለ ሆነ ነው» ማለት ልክ አይመስለንም። ጎበዝ አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም።

እንዲያውም ቀጥሎ የመጣው ነገር ተረት ይመስላል። በማርች 1971 ሞንትሪያል ካናዲየንስ ወደ ዋናው ቡድን ጠራው። በመደበኛው ውድድር የተሰለፈው 6 ጊዜ ብቻ ሲሆን 6ቱንም አሸነፈ። ከነዚህ በአንዱ፣ ማርች 20 ቀን፣ በወዲያኛው በር የቆመው የቡፋሎው በረኛ የገዛ ወንድሙ ዴቭ ነበር። በሊጉ ታሪክ ሁለት ወንድማማች በረኞች ሲገጥሙ ያ የመጀመሪያው ነው። ጨዋታው ሲያልቅ መሀል ሜዳ ላይ ተገናኝተው ተጨባበጡ። ከዚያ የጥሎ ማለፉ ጨዋታ መጣ። የዚያ ዓመት ቦስተን 399 ጎል ያገባ ቡድን ነው፤ ፊል ኤስፖዚቶ ብቻውን 76። ይህን ቡድን በ7 ጨዋታ አሸነፉት፤ አልፈውም የስታንሊን ዋንጫ ወሰዱ፤ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተብሎም ድራይደን ተሸለመ። የሚያስቀው የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የተባለው በሚቀጥለው ዓመት መሆኑ ነው። መጀመሪያ ኮከብ፣ ቀጥሎ ጀማሪ።

በ1972 ካናዳና ሶቪየት ኅብረት 8 ጊዜ ሲገናኙም ነበረበት። በመጀመሪያው ጨዋታ ሞንትሪያል ላይ፣ በገዛ ሜዳው፣ 7 ለ 3 ተሸነፈ። የመጨረሻው ሞስኮ ላይ ነበር፤ 5 ለ 3 ሲመሩ የነበሩትን ሶቪየቶች 6 ለ 5 አሸነፏቸው፤ የማሸነፊያዋ ጎል የገባችው 34 ሰከንድ ሲቀር ነው። በነዚያ በቀሩት ሰከንዶች በሩ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል በረኛችንን ጠየቅነው። «ሰዓቱን አታይም» አለን።

በ1973 ሁለተኛ ዋንጫውን ወሰደ። ወዲያው ግን ክለቡ ባቀረበለት ደመወዝ ሳይስማማ ቀረና የውድድር ዘመኑን ሙሉ ሳይጫወት ቶሮንቶ በአንድ የሕግ ቢሮ ለጥብቅና ተለማመደ። ዓለም የሚያውቀው በረኛ በጀማሪ ደመወዝ መዝገብ ሲያገላብጥ አስቡት። በዓመቱ ተመለሰ፤ ከ1976 እስከ 1979 በተከታታይ 4 ዋንጫ ወሰደ። በ1976 እና በ1977 መካከል ባለው የውድድር ዘመን ቡድኑ ከ80 ጨዋታ የተሸነፈው 8 ብቻ ነው። በ1979፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ በቃኝ አለ። በመደበኛ ውድድር 397 ጊዜ ተሰልፎ 258 ጊዜ አሸንፏል፤ የተሸነፈው 57 ጊዜ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው አቻ ነው። ስድስት ዋንጫ ይዞ ሄደ። ከዚያ ስለ መጨረሻው የውድድር ዘመኑ «ዘ ጌም» የተባለ መጽሐፍ በ1983 አወጣ። አክስትየዋ ልካልን ተራ በተራ አነበብነው። ጎል ስለማዳን ከሚያወራው ይልቅ ስለ መጠበቅ፣ ስለ አውቶቡስና ስለ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የሚያወራው ይበልጣል፤ ለዚህ ይሆናል የወደድነው።

እዚህ ላይ ስንደርስ የአማርኛ መምህራችን ረቂቁን አይተው አንድ እርማት ሰጡን። «ለተጫዋቹ ‹እሱ› ማለታችሁ ደግ፤ የክለብ ፕሬዚዳንትና ሚኒስትርን ግን ‹እሱ› ብትሉ አንባቢ ይታዘባችኋል» አሉ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ድራይደን እሳቸው ናቸው። ሰውየው ቢሰሙ ሳይስቁ አይቀሩም።

በ1997 ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ፕሬዚዳንት አደረጋቸው። ሊፍስ የሞንትሪያል የዘመናት ባላንጣ ነው፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ስድስት ዋንጫ ያመጣ በረኛ ኢትዮጵያ ቡናን ለመምራት እንደ መሄድ ቁጠሩት። ክለቡ ከ1967 ወዲህ ዋንጫ አላየም፤ ለጥሎ ማለፉም መድረስ አቅቶት ነበር። በመጀመሪያው ዓመታቸውም አልደረሰም። በ1998 ፓት ኩዊን አሠልጣኝ ሆነው መጡ፤ በዚያው ክረምት በረኛው ከርቲስ ጆሴፍ ተገዛ። በረኛ የነበረ ፕሬዚዳንት ቡድኑን ለማቃናት በረኛ ገዛ ቢባል ማን ይደነቃል? በ1999 ክለቡ ከ1931 ጀምሮ ይጫወትበት ከነበረው አሮጌ አዳራሽ ወደ አዲስ ተዛወረ፤ በዚያው ዓመት ለዋንጫው ጨዋታ አንድ ደረጃ ሲቀረው በቡፋሎ ተሸነፈ። በ2002 እንደ ገና እዚያው ደረሰ፤ በካሮላይና ተሸነፈ። ከ1999 እስከ 2004 ከጥሎ ማለፉ የቀረበት ዓመት የለም። ዋንጫው ግን አልመጣም።

ይህን ስንወያይ ከመካከላችን «እንግዲያው እንደ ፕሬዚዳንት አልተሳካላቸውም» ያሉ ነበሩ። ብዙዎቻችን አልተቀበልነውም፤ ምክንያታችን ይህ ነው። በረኛ የመጨረሻው ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ቢያልፍ እሱ አለ፤ ኃላፊነቱም እጁም በአንድ ቦታ ናቸው። ፕሬዚዳንት ደግሞ ኃላፊነት አለው፣ እጅ ግን የለውም። ድራይደን ያን ሁሉ ዓመት ከላይ ተቀምጠው የሌላ በረኛ እጅ ያዩ ነበር፤ ፐኩ ሲመጣ መነሣት አይችሉም። ማድረግ የሚችሉት ማንን እንደሚቀጥሩ መምረጥ፣ ማሳመን፣ ማውራት ብቻ ነው። ማውራቱን በተመለከተ ደግሞ ንግግራቸው ይረዝማል ተብለው ይታሙ ነበር። በ2003 የክለቡ አመራር ሲለወጥ የፕሬዚዳንትነቱ ቦታ ታጠፈና ምክትል ሰብሳቢ ተባሉ፤ በ2004 ለቀው ፖለቲካ ገቡ። ከሚወደዱበት ቦታ ተነሥተው ሊወቀሱ ወደሚችሉበት ቦታ መሄዳቸውን እኛ ከዋንጫዎቹ ባናስበልጠውም አናሳንሰውም። የክፍላችን አለቃ የሆነችው ልጅ ይህን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነበበችን። የዘንድሮን የሽርሽር ገንዘብ የሰበሰበች እሷ ናትና ነገሩ ይገባታል።

በፖለቲካውም ያው ገጠማቸው። የማኅበራዊ ልማት ሚኒስትር ሆነው ለሕፃናት መዋያ አገር አቀፍ ፕሮግራም ለማቆም ከ10ሩም የካናዳ ክፍለ ሀገሮች ጋር አንድ በአንድ ተፈራረሙ። በ2006 ምርጫ ፓርቲያቸው ተሸነፈ፤ አዲሱ መንግሥት ስምምነቱን ሰረዘው። አሥሩን አድነው አሥራ አንደኛዋ ገባች። በዚያው ዓመት ለፓርቲ መሪነት ተወዳድረው አልተመረጡም፤ በ2011 የፓርላማ ወንበራቸውንም አጡ። በኋላ በ2017 ስለ ጭንቅላት ጉዳት ሌላ መጽሐፍ ጻፉ፤ ስቲቭ ሞንታዶር የተባለ ተጫዋች በ35 ዓመቱ ሞቶ አእምሮው ተጎድቶ መገኘቱን ይዘው የሊጉ መሪዎች በጭንቅላት ላይ የሚደርስን ምት ሁሉ እንዲከለክሉ ተከራከሩ። የገዛ ጨዋታቸው ላይ ጣት መቀሰር እንግዲህ ይህ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ነገር እንመለስ። ክለቡን ከመምራታቸው በፊት ድራይደን በቶሮንቶ አጠገብ በምትገኘው በሚሲሳጋ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው አንድ ዓመት ከተማሪዎች ጋር ተቀምጠዋል። ሊያስተምሩ ወይም ሊሸልሙ አልነበረም፤ ሊያዩ ነው እንጂ። ያዩትን በ1995 መጽሐፍ አድርገው አወጡ። ስለ ጎበዞቹ ብቻ አልጻፉም፤ ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ ስለሚቀመጠውም ጽፈዋል። እንግዳ ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጣ ወንበሩ ከፊት ይደረጋል፤ የሚያወራውም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ከወጡት ጋር ነው። ስድስት ዋንጫ ያለው ሰው ከኋላ ረድፍ ቢቀመጥ ከኋላ ያለነው ምን እንሆን እንደ ነበር ብዙ ተጫወትንበት። አንዱ ጓደኛችን «እኔ እንቅልፌን እተው ነበር» አለ።

በ2023 ደግሞ የመጨረሻዎቹን ዓመታት የያዘውን ሥራ አሳተሙ። በ1960 አብረዋቸው ዘጠነኛ ክፍል የገቡትን ልጆች ከ60 ዓመት በኋላ አንድ በአንድ ፈልገው፣ ያገኟቸውን አነጋግረው፣ እነዚያ ልጆች ምን እንደሆኑ ጻፉ። ይህን ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛ ዘንድሮ 27 ነን። ሁለቱ በሰኔ ወደ አውስትራሊያ ይሄዳሉ፤ አንዷ የካናዳ ወረቀቷን እየጠበቀች ነው፤ አራቱ አዲስ አበባ ገብተው ዩኒቨርሲቲ ይሞክራሉ፤ ሌሎቻችን እዚሁ ነን፤ ወዴት እንደምንሆን ገና ያልታወቀ አለን። በረኛችን እስከ ፈተናው ትምህርቱ ላይ ይቆያል። ክለቡ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይምጣ ብሎ ተስማምቷል፤ ይህ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ማንም አልነገረውም።

ከ60 ዓመት በኋላ ስልክ ቁጥር እንደማይጠቅም እናውቃለን፤ ቁጥር ይቀየራል፣ ስልክም ይጠፋል። ስለዚህ የመጽሔታችን ኮሚቴ ለያንዳንዳችን አንድ ወረቀት አድሎ ነበር፤ የራሳችንን ሳይሆን አድራሻው የማይቀየር የአንድ ዘመድ ስም እንድንጽፍበት፤ አያት፣ አጎት፣ የሰፈር ባለሱቅ፣ የደብር አስተዳዳሪ፣ የመስጊድ ኢማም። ወረቀቶቹ እዚህ መጽሔት ላይ አይታተሙም፤ በቤተ መጻሕፍቱ በሚቀመጠው መዝገብ ውስጥ ናቸው። እስከ ዛሬ 25ቱ ተሞልተው ተመልሰዋል፤ ሁለቱን እየጠበቅን ነው።